የአቶ መሸሻ ቀይ መብራት

ሞረዳ መጀመሪያ ያየኝ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ነቀምቴ፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ። እኔ የስፌት አስተማሪ ነኝ፤ እሱ ከሲሬ ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ።

«አካም ቡልቴ፣ ድርቤ?» አለኝ በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። ስሜን ጠይቆ ኖሯል።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ» አልኩት በነጠላዬ ውስጥ።

«ጥርስሽን ነው እንዴ?»

ምን ልበል? ምች አንድ ጊዜ ከንፈር ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይላል። እንደኔ እየተመላለሰ ሲወጣ ግን «ይቺ ልጅ ምን ይዟት ነው?» ይባላል፤ የመጥፎ በሽታ ስም ይሰጥሻል። «አዎ፣ ጥርሴን ነው» አልኩት። በማግስቱ ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር... ደግሞም ወደድኩት።

ቁስሉ ዳነ፤ ነጠላዬን አወረድኩ። ሞረዳ ዓይኑን ከፊቴ መንቀል አቃተው። ክረምቱ ሳይወጣ «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

«ላክ» አልኩት። አልተግደረደርኩም፤ እውነቴን ነው። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ስነሳ ከንፈሬ ይለበልበኛል።

አቶ መሸሻ የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ መብራቱን ይዞ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ቀይ አምፖል ነው፤ ዙሪያው የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ። «የፈረንጅ ጨረር ነው፣ ምችን ከነሥሩ ይነቅላል» ይላል። የከተማው የመብራት ሞተር አመሻሽ ላይ ሲነሳ ከመጋረጃው ኋላ ያስቀምጥሽና ፊትሽን ያሞቀዋል።

እህቴ ቀለሟ ሳቀችብኝ። «ምች የፀሐይ ነው ይላሉ። እሱ ደግሞ በመብራት ሊደግምሽ ነው?»

አልሰማኋትም። ሽማግሌ ሊመጣ ነዋ!

«ለማንም እንዳትናገሪ፣ የኔ ልጅ» አለኝ አቶ መሸሻ። «ሰው ካወቀ ጨረሩ አይሠራም። ፀሐይም እንዳያገኝሽ።»

ሲሻለኝ «መብራቱ ነው» ይላል። ሲያገረሽብኝ «ፀሐይ አግኝቶሻል» ይላል። በየትም በኩል አይሸነፍም።

እሁድ የጌታ እራት ነበር። ጽዋው አንድ ነው፣ ሁሉም ከእሱ ይጠጣል። ቁስሌ እንዳይነካው ብዬ ተራዬን አሳለፍኩ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ጽዋ ያሳለፈች ልጅ ኃጢአት ደብቃለች ነው የሚባለው። ሞረዳ ከወንዶቹ ወገን ቆሞ አየኝ። በሳምንቱ ደግሞ አመሻሽ ላይ ከአቶ መሸሻ ቤት ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«ያ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

«ምንም።»

«ጽዋውን ያሳለፍሽው በሱ ምክንያት ነው?»

ነጠላዬን ይበልጥ ወደ አፍንጫዬ ሳብኩ።

«ድርቤ፣ ነጠላሽን አውርጂና ዓይን ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። የፈለግሽውን ንገሪኝ፣ አምንሻለሁ።»

አላወረድኩም። ብነግረው መብራቱ አይሠራም፤ ባሳየው ይጠላኛል። ቆሞ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ...

«እሺ» አለና ሄደ። ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ቢላ ወደሚባል ከተማ ሊዛወር መሆኑን ከተማሪዎች ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት ለጠላቴም አይስጠው። ያለኝ ተስፋ መብራቱ ብቻ ሆነ። ድኜ፣ ፊቴ ጸድቶ እሄድለታለሁ እያልኩ ወደ አምፖሉ ጠጋ አልኩ። ይባስ ብሎ ከንፈሬ ተላጠ።

ያኔ ቀለሟም ወጥቶባት ነበር፤ ከኔ እኩል። ምንም አላደረገችም፤ ስትቀልድበት ሰነበተች። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ድኗል። የኔ ገና ይደማል። በቀጥታ አቶ መሸሻ ቤት ሄድኩ።

«አቶ መሸሻ፣ የቀለሟ ያለ መብራት ዳነ።»

«የሷ ቀላል ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እኩል ነው የወጣብን። ምች ጊዜውን ጠብቆ በራሱ የሚሄድ ከሆነ የርስዎ መብራት ምን ሠራ?»

«ለሰው ተናግረሽ ይሆናል።»

«አልተናገርኩም፣ አቶ መሸሻ። አለመናገሬ ነው የገደለኝ።»

ስወጣ ቀለሟ በሩጫ መጣች። «ሞረዳ የቢላ መኪና ላይ ወጥቷል፣ ገበያው ጋ!»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። በገበያው መሀል፣ የቆሰለ አፌን ገልጬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ሮጥኩ። ሞረዳ የመኪናው መስኮት ጋ ተቀምጧል።

«ይኸው እየኝ» አልኩት። «ጥርሴን አልነበረም። ምች ነው፣ ይመላለስብኛል። ጽዋውን ያሳለፍኩት ለዚህ ነው። ያ ሰውዬ ቤት የሄድኩት ለዚህ ነው። ጸድቼ ላገባህ ብዬ ነው፣ ሞረዳ... ከጠላኸኝ አሁን ንገረኝና ሂድ።»

ከመኪናው ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ አደረገው።

«የደበቅሽኝ ይህን ብቻ ነው?»

«ይህን ብቻ።»

«እኔ እኮ ሌላ ወደድሽ ብዬ ሞቼ ነበር» አለና እንባው ወረደ። ወንድ ልጅ ገበያ መሀል ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «ኦቦ፣ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

ሞረዳ ዞሮም አላየው። መኪናው ሻንጣውን እንደጫነ ሄደ።

«ሻንጣህ!» አልኩት።

«ይሂድ፣ ተይው።»

ዝውውሩን ለማሰረዝ ብዙ ደጅ ጠና። ሽማግሌዎቹን ግን በዚያው ሳምንት ላከ። ቁስሌ እስኪድን አልሳመኝም፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ምች ዛሬም ይመጣብኛል፣ ስደሰትም ስናደድም። ሞረዳ ጠዋት ፊቴን አይቶ «መጣ እንዴ?» ይለኛል።

«መጣ» እለዋለሁ።