ያልተከፈተው ጠርሙስ

«ለምንድን ነው ከታች ብቻ ቢጫ የሆነው?» ሲሉ የባዮሎጂ መምህሩ ጠየቁ። በዝምታዋ ጭምቷ የምትባለው ተማሪ ጎንበስ ብላ የታችኞቹን ቅጠሎች አየች።

የትምህርት ቤቱ የተክል ክበብ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ በመብራት ብርሃን ችግኝ ያሳድጋል። በመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ቃሪያዎች የጭምቷና የጓደኛዋ ናቸው። ጫፋቸው አረንጓዴ ነው። ከታች ግን ግንዳቸው ተራቁቷል፤ የቀሩት ጥቂት ቅጠሎችም ጉበቱ እንደታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆነዋል።

መምህሩ መዝገቡን ገለጡ። የስድስት ሳምንት ዓርብ ሁሉ «ማዳበሪያ ተሰጥቷል» ይላል፤ ከሥሩ የሁለቱም ፊርማ አለ።

«በልተዋል ማለት ነው። እንግዲያው የሥር በሽታ ይሆናል» አሉ። እስከ ሐሙስ ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት ሁሉንም ነቅለው እንደሚያቃጥሉ ነገሯቸው።  ቃሪያዎቹን ከፍሬ ያበቀለቻቸው ጭምቷ ናት።

ጓደኛዋን የክፍሉ ልጆች ሽቶ ይሏታል፤ ከቦርሳዋ ደብተር ቢጠፋ ሽቶ አይጠፋም። ሥራ ሲከፋፈሉ ውሃው ለጭምቷ፣ ማዳበሪያው ለሽቶ በዕጣ ደረሳቸው። ችግኞቹ የቆሙት በታጠበ አሸዋ ላይ ስለሆነ ከማዳበሪያው ሌላ ምግብ የላቸውም። ማዳበሪያው ደግሞ ከዓሣ ሆድ ዕቃ የተሠራ ፈሳሽ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ቀን ከራሳቸው ጠርሙስ ከፍተው ሲያሳዩ ግማሹ ልጅ ወደ በሩ ሮጧል። ጭምቷም ምራቋ በአፏ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በክፍሉ አጠገብ አታልፍም፤ ሰኞ መጥታ ማዳበሪያው መሰጠቱን ሳታይ መዝገቡ ላይ ትፈርማለች።

ያን ቀን ቤት ስትገባ እናቷ የራሷን አሮጌ ሹራብ ከታች ጀምራ እየተረተረች ክሩን ትጠቀልላለች። የትንሹ ወንድሟ ሹራብ እጅጌው አጥሮ ክንዱ ወጥቶ ነበር።

«ያንቺን ለምን ታፈርሻለሽ?» አለቻት ጭምቷ።

«አዲስ ክር ከየት ይምጣ፣ ልጄ? ለሚያድገው ካረጀው ይወሰዳል እንጂ።»

ጭምቷ ቆማ ሹራቡን አየችው። ትከሻው ደህና ነው፤ ያለቀው ከታች ነው። ቃሪያዎቹም ምግብ ሲያጡ ካረጀው ቅጠል እየወሰዱ ለጫፉ ለጋ ቅጠል ሰጥተዋል። አልታመሙም። ርቧቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች። የማዳበሪያው ጠርሙስ እዚያው ነው። የክዳኑ ማሸጊያ እንኳ አልተቀደደም። ከኋላው አንድ የተቋጠረ ፌስታል አገኘችና ፈታችው። የተለቀሙ ቅጠሎች ናቸው፤ በስብሰው ቀልጠው እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋሉ። ትንንሽ ዝንቦች ፊቷ ላይ ተነሡ። ጣቷን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበችው፤ ዝልግልጉ የለቀቀ አልመሰላትም።

ሽቶ ስትገባ ፌስታሉን አይታ አፍንጫዋን ያዘች። ቲቸር እንዳያዩባት ቢጫ ቢጫውን እየለቀመች ስትደብቅ እንደቆየች አልካደችም።

«በናትሽ አታካብጂው። ያንን ጠርሙስ ከምከፍት ብሞት ይሻለኛል።»

«እየሞቱ ያሉት እነሱ ናቸው።»

«ቃሪያ እኮ ነው የምናወራው። ደግሞ አንቺም ፈርመሻል። ብትናገሪ አብረን ነው የምንባረረው።»

ይህ እውነት ነበር። ጭምቷ መዝገቡን ገለጠች። ስድስቱም ፊርማዎቿ ያምራሉ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ ሁሉ አስረዝማላታለች። ከፌስታሉ ይልቅ እነሱ አስጠሏት።

ሐሙስ መምህሩ ጓንት አጥልቀው፣ ጆንያ ይዘው መጡ። ጭምቷ ፌስታሉን፣ ጠርሙሱንና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ በሽታ አይደለም። አልበሉም። እኔም ሳላይ ነው የፈረምኩት» አለች። 

መምህሩ ፌስታሉን ከፍተው ቶሎ ዘጉት። ቢጫዎቹ ቅጠሎች ባይለቀሙ ኖሮ ገና በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ይታወቅ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ የሁለቱንም ስም ከመዝገቡ ሰረዙና ጠርሙሱን ወደ መሐል ገፉት።

«መቀጠል የሚፈልግ አሁን ይክፈተው። ስሙን እንደ አዲስ እጽፋለሁ።»

ሽቶ ወደ በሩ አየች። ጭምቷ ማሸጊያውን ቀድዳ ክዳኑን አዞረች። ሽታው እንደ ጥፊ መታት፤ አንዴ አቅለሸለሻት፣ ዋጥ አደረገችው። አንድ ክዳን ለክታ የውሃው ባልዲ ውስጥ ጨመረች።

ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ወደ አረንጓዴ አልተመለሱም፤ ሽታውም አልተለመደም። ከአሥራ ሁለቱ ቃሪያዎች አራቱ ደርቀው ተጣሉ፤ ስምንቱ ቀሩ። ሽቶ ወደ መረብ ኳስ ክበብ ሄደች። ጭምቷ እዚያው ክበቡ ውስጥ ቀረች።