ፈረሰኛው ከግንብ ሲወድቅ

«ይቅርታ... እዚህ ሰው አለ?»

የፊልም ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ሳታዞር በድምፁ አወቀችው።

«ሰው የለም። አንተም ብትቀመጥ ያው ነው!»

ዘላዩ አጠገቧ ተቀመጠ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የፊልም ሠራተኞች ናቸው፤ በተዋናዮች ምትክ ከፈረስና ከግንብ የሚወድቀው እሱ ነው። አምና ሊጋቡ ጥቂት ሲቀራቸው በር የዘጋችበትም እሱ ነው።

በመታሰቢያው ምሽት መድረክ ላይ ዳይሬክተሩ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ፣ ሁሉም ጋሼ ስለሚሉት ሟች ተዋናይ ይናገራል። «ወንድሜን አጣሁ!»

«ወንድሙን!» አለች ከንፈሯን ሸርመም አድርጋ። ጋሼ ሲታመም የፈረሰኛውን ፊልም ሁለተኛ ክፍል ለሌላ ተዋናይ የሰጠው ይኸው ወንድም ተብዬ ነው። ሆስፒታልም ዝር አላለም። የፊት ረድፎቹም ከእሱ አይሻሉም፤ በቁሙ ስልኩን ያላነሱለት ሁሉ ዛሬ ከምስሉ ጎን ፎቶ ይነሳሉ።

መብራቱ ጠፍቶ የፈረሰኛው ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ጀመረ። በድሮ ዘመን አንድ ፈሪ፣ ጉራው ግን የማያልቅበት ፈረሰኛ ልዕልት ሊያድን ይወጣል። ጋሼ የቆርቆሮ ጥሩሩን እያንኳኳ «ዘንዶው ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠይቁልኝ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን እንባዋ ቀደማት። ፊልሙ ላይ የለበሰውን ካባ ልትሰፋለት ስትለካው «ሆዴን ደብቂልኝ እንጂ ልጄ!» ያላት ትዝ አላት።

ፈረሰኛው ከግንብ ወደ ውሃ ወደቀ። የወደቀው ዘላዩ ነበር።

«ለሌላውም እንዲሁ ወደቅክለት አይደል?» አለች። «ጋሼ አልጋ ላይ እያለ፣ ቦታውን ለወሰደበት ሰው! እንዴት አስቻለህ?»

«ጋሼ ራሱ ነው የላከኝ።»

«ውሸታም!»

ከፊታቸው የተቀመጠችው የጋሼ እህት ዞረች። «ለዚህ ነው እንዴ የተለያያችሁት? እኔ ባለሁበት እኮ ነው የላከው! ‹ሌላ ሰው ፈረሰኛዬን እንደ ጆንያ ይጥለዋል፤ አንተ ሂድልኝ› ብሎ እያለቀሰ ለመነው። ማልቀሱን ለማንም እንዳይናገር አስማለው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ዘላዩ ዞረች።

«ለእኔ እንኳ... ለምን አልነገርከኝም?»

«ማልቀሱን ላልናገር ምዬ ነበራ። የቀረውን ልንገርሽ ስል ደግሞ አንቺ አላስተነፈስሽኝም።»

መብራቱ ሲበራ ዳይሬክተሩ እጁን ዘርግቶ መጣ። «እህቴ፣ አይዞሽ! ሦስተኛውን ክፍል ለመታሰቢያው እንሠራለን፤ ልብሱን አንቺ...»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ሲጠማ ውሃ ያላቀበልከውን ሰው ሲሞት ልትሸጠው? ለአንተ ቁልፍ እንኳ አልሰፋም!»

«እኔም አልወድቅልህም» አለ ዘላዩ።

ሲወጡ ደረጃው ላይ እጁን ያዘች። «ጨክኜብህ ነበር... ይቅር በለኝ።»

«ጨክነሽብኝ ነበር» አለ። እጇን ግን አልለቀቀም።

ክረምቱ ሳይገባ ተጋቡ። የጋሼ እህት የሙሽራዋ ሚዜ ሆነች። ዳይሬክተሩ ትልቅ እቅፍ አበባ ልኮ ነበር፤ ሙሽራዋ ከማን እንደሆነ ስትሰማ ከበር መለሰችው።