ሳንጠየቅ የተጻፍን

ደርበውን የተዋወቅሁት ተቃውሜው ነው።

በ1975 ዓ.ም. ዓኽርያ በሚባል ሰፈር ባለ የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ነበርኩ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪኖቹ ይቆሙና ሁላችንም ለውይይት እንሰበሰባለን። ጋዜጣ ይነበባል። አንባቢው «ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው?» ይላል፤ አንዱ ተነሥቶ ርዕሱን መልሶ ይነግረዋል፤ ይጨበጨባል፤ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ደርበው ከጎጃም የመጣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። አማርኛው ስለሚያምር አንባቢ አደረጉት።

አንድ ረቡዕ፣ ሠራተኛው ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በገዛ ደስታው መሆኑን የሚተርክ ጽሑፍ አነበበልን። የእኔ ጣቶች በመርፌ ተበሳስተው ነበር። እጄን አወጣሁ።

«ዋና ሐሳቡስ ገብቶኛል» አልኩ። «ማን ጻፈው? ለምንስ ጻፈው?»

የውይይቱ ሰብሳቢ ጓድ አሳምነው ስሜን ጠየቀ። ደርበው ግን ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ፤ አስተያየቱ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ስንወጣ ፌርማታው ላይ ደረሰብኝ።

«ጥያቄሽን አልመለስኩም» አለ።

«መልሱን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። እዚያ መናገር ፈርቼ ነው።»

ፈራሁ የሚል ወንድ ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም። አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስንወጣ ሻሂ እየጠጣን ጋዜጣ ማንበብ ልማድ ሆነብን። ጸሐፊው ምን አለ፣ ማን እንዲሰማው ፈለገ፣ ምኑን ሆን ብሎ ተወ እያልን እንከራከራለን። እሱ ለጸሐፊዎቹ ያዝንላቸዋል፤ እኔ አላዝንላቸውም።

«ይሄኛው ሽንኩርት እንድንተክል ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ አንድ ቀን።

«እሱን አምነዋለሁ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሻሂያችን ቀዘቀዘ፤ ለማናችንም ጉዳይ አልነበረም። ወድጄው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ አቶ ተመልሶ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው፤ በሰውም በጎማም አይቸኩሉም። እሺም እምቢም ሳይሉ «ልየው» አሉ። አይተው ሳይጨርሱ ጋዜጣው ወጣ።

«አንድነት በትዳር ሲጸና» ይላል ርዕሱ። የፋብሪካችን ታታሪ ሠራተኛ ደርበው ከአንዲት የክፍለ ሀገሩ ተወላጅ ጋር ጎጆ ሊቀልስ ነው። «የማገባው ለአንድነት ብዬ ነው» ብሏል ይላል።

ጎረቤት ለአባቴ አነበበላቸው። ማታውን ደርበው ራሱ እየሮጠ ቤታችን መጣ፤ አባቴ ግን ከበሩ አላሳለፉትም።

«ልጄን ለጋዜጣ ሰጠሃት» አሉት። «ሹመት ፈልገህ ነው?»

«አባባ፣ እንዲህ አላልኩም። የጠየቀኝም ሰው የለም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሓቂ ድዩ? እውነቱን ነው?»

እኔም ልቤ ተከፍሎ ነበር። ጋዜጣውን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት።

«ይህን ያለው እሱ አይደለም፣ አቦይ» አልኩ። «እኔ እዚህ ውስጥ "አንዲት ተወላጅ" ነኝ፤ ስም የለኝም። እርስዎም የሉበትም። ሽማግሌ መላኩ፣ እርስዎ ልየው ማለትዎ፣ አንዱም የለም። ጸሐፊው የፈለገው ሠርግ ነው፤ ሙሽራዋ ማንም ብትሆን ግድ የለውም። ደርበው ስለ እኔ አውርቶለት ቢሆን ኖሮ ስሜን ሳይሰማ ባልሄደ ነበር።»

«ጽቡቕ፣ ይሁን» አሉ አባቴ። «ግን ረቡዕ ይህንኑ ያነባል አይደል? አንብቦ ዝም ካለ እሱ እንዳለው እቆጥረዋለሁ። ያን ጊዜ የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ረቡዕ ጓድ አሳምነው ጋዜጣውን በፈገግታ አቀበለው። ደርበው አንድ ቃል ሳይዘል አነበበ።

«ዋና ሐሳቡ ሁለት ሰዎች ለአንድነት ሲሉ ይጋባሉ የሚል ነው» አለ። «የጸሐፊው ዓላማ እናንተ እንድታጨበጭቡ ነው። እኔ ግን ይህን አላልኩም። ልጅቷ ኣብርሄት ተመልሶ ትባላለች። ላገባት የምፈልገው ስለምወዳት ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።»

«ተቀመጥ» አለው ጓድ አሳምነው።

እሱ ሲቀመጥ እኔ ተነሣሁ። «ኣብርሄት እኔ ነኝ። እኔንም የጠየቀኝ የለም» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም፤ ከዚያ ሁሉ ረቡዕ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ደርበው ወደ አሰብ ተዛወረ። የባሰ ጠብቀን ስለነበር ደብዳቤውን ሲያሳየኝ ተንፈስ አልኩ። እሱ ግን ቤታችን መጥቶ፣ የረቡዕን ሰምተው ከበሩ ያሳለፉት አባቴ ባሉበት፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ሌላ ነገር ጀመረ።

«አሰብ እሳት ነው። ዘመድ የለሽ፣ ሥራ የለሽ። አንቺ እዚሁ ቅሪ። ወስኛለሁ።»

ደሜ ፈላ።

«ታዲያ አንተ ከጋዜጠኛው በምን ተሻልክ? እሱ ሳይጠይቀኝ ዳረኝ፤ አንተ ሳትጠይቀኝ ትፈታኛለህ።»

ደርበው ቀና አለ። አባቴ ሳል እንደያዘው ሰው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እንግዲያው ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ።»

«አሰብ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እወ» አልኩ። እሱም በአማርኛ እስክደግምለት አልጠበቀም፤ እጄን ያዘ።

አባቴ ተነሥተው ኮታቸውን ከሚስማሩ አወረዱ።

«ወዴት ነዎት፣ አቦይ?»

«ቤተ ክርስቲያን፣ ቤት ጊዮርጊስ» አሉ ጫማቸውን እያጠለቁ። «ቄሱ ሳይተኙ ልድረስባቸው።»