ወደ ኋላ የሄደው ሰማያዊ

«ወይኔ ጉዴ! ቶይባ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ነው!»

ዐፊፋ አፏን በእጇ ያዘች። ውሃ ውስጥ በተኛው፣ እንደ ረጋ አጥሚት በለሰለሰው ጄል ጉድጓዶች ውስጥ የጨመሩት ሰማያዊ ቀለም ወደ ፊት መሄድ ሲገባው ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከጄሉ ጠርዝ ወጥቶ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ነበር። ከማንጎ ቅጠል ስንት ተለፍቶ የወጣው ዲኤንኤም አብሮት ሄዷል። ዲኤንኤ የሚሄደው ወደ ቀዩ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ ቲቸር ደባልቄ ይህን ሦስት ጊዜ ነግረዋቸው ነበር። ዐፊፋ ግን ቀዩንና ጥቁሩን አቀያይራ ሰካችና ከቶይባ ጋር መስኮቱ ጋ ወሬ ያዘች። ወሬ ደግሞ ሰዓት አያውቅም።

የአሥረኛ ክፍል ሳይንስ ክበብ ቅዳሜውን አሶሳ ዳር ባለው ላብራቶሪ ነበር የዋለው። ጄሉ ላይ ጥርት ያለ መስመር ያወጣ ቡድን አዲስ አበባ፣ ዐውደ ርዕይ ላይ ይቀርባል። ዐፊፋ አዲስ አበባን አይታ አታውቅም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያለመችው ስለዚህ ጉዞ ነው።

«አቦ አታካብጂ» አለች ቶይባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መብራት ሄዶ ነው በያ! ቅድም ጠፍቶ መጥቶ የለ? አሶሳ ውስጥ መብራት ሄደ ሲባል ማን ይጠራጠራል?»

ዐፊፋ ሳታስበው ሳቀች። እውነት ነው፤ በሰፈራቸው የቤት ሥራ ያልሠራ ሁሉ የሚያሳብበው በመብራት ነው። ቲቸር ደባልቄም ጠዋት ትርፍ ናሙና የያዘች አንዲት ቱቦ አሳይተው፣ «ይቺ መብራት ለሚያበላሽበት ናት» ብለዋል። ዋሽታ ብትወስዳት እንደገና መጀመር ትችላለች።

ግን ሌላዋ የክበቡ አባል፣ ሳሊማ አለች። ጠዋት የራሷን ጄል ናሙና በሚጨመርበት ፒፔት ጫፍ ቀድዳ፣ «የኔ ጥፋት ነው ቲቸር» ብላ፣ ይኸው ግድግዳውን ተደግፋ የሰው ሥራ ታያለች። ዐፊፋ አየቻት።

ቲቸር ደባልቄ ዲኤንኤን በሚያሳይ ሌላ ሰማያዊ ቀለም የተሞላ ሳህን ይዘው ገቡ። «በሉ ጄላችሁን አምጡ፣ እንንከረው። ዲኤንኤ ካለበት መስመር ይወጣል፤ ከሌለበት እንግዲህ… ዐፊፋ፣ ምን ሆንሽ?»

«ቲቸር፣ መብራት…» አለች ቶይባ።

«መብራት አይደለም» አለች ዐፊፋ። ፊቷ ጋለ። «ገመዱን እኔ ነኝ ገልብጬ የሰካሁት። ሁሉም ወጥቶ አልቋል።»

ቶይባ ጣራውን አየች። መምህሩ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ታዲያ ትርፏን ናሙና ምን እናድርጋት? መብራት ያበላሸበት የለም።»

«ለሳሊማ ይስጧት። እሷ ጥፋቷን ጠዋት ነው የተናገረችው። ጄሉም ባዶ ነው፣ የኔን ትውሰድ።»

«ወላሂ?» ሳሊማ ከግድግዳው ተነሳች፤ መምህሩ ቱቦዋን አቀበሏት። ፒፔቱን ከያዘች በኋላ ግን ወደ ዐፊፋ ዞረች። «እንደገና ብቀደውስ?»

ዐፊፋ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። አዲስ አበባ ቀረ፤ በጣም ቆጭቷታል። «ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ አስደግፊ» አለቻት። «ወደ ታች አትውጊው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ልቀቂው፣ ራሱ ይወርዳል… ቀስ… ቀስ…»

ሰማያዊዋ ጠብታ ወርዳ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አለች።

«ገባች!» ብላ የጮኸችው ዐፊፋ ነበረች።