የወይዘሮ ተሻለች ደብዳቤዎች

ሜቲ ስልኳን ከዴስኩ ሥር አድርጋ እንደገና ከፈተችው። መልእክቷ ሥር ሁለቱ ራይቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሰውየው አንብቦታል። አንብቦም ዝም ብሏል። ትናንት «የሥራ ማመልከቻ በአስቸኳይ» እያለ ሲያጣድፋት የነበረው ደንበኛ ናሙናውን ከተቀበለ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል፤ ምናልባት ይህን ጊዜ ያንኑ ናሙና በስሙ አትሞ የሆነ ቢሮ በር ላይ ተሰልፎ ይሆናል። የፊዚክስ መምህሩ ስለ ፍጥነት ያስረዳሉ።

«ቀለም ደብዳቤ» የሚባለውን የቴሌግራም ቻናል እንድትከፍት የገፋፋት የክፍሏ ልጅ ያደሳ ነው። «ፋራ አትሁኚ፤ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ሞልቷል። ኤአይ ራሱ አማርኛ ላይ ሲደርስ ይኮላተፋል» ብሏት ነበር። ከፈተች። አባላቱ ያደሳ፣ የያደሳ እህቶች፣ አባቷና ማን እንደሆኑ የማታውቃቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ዕድሜዋን የትም አልጻፈችም፤ ደንበኛውን ሁሉ «እርስዎ» ትላለች። አንዱ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ እስከ ዛሬ እያሰበ ነው። ሌላው ለፍቅረኛው የይቅርታ ደብዳቤ ካስጻፈ በኋላ «ተውው፣ ታረቅን» አላት። አንዱማ ደብዳቤውን ረስቶ «ፎቶሽን ላኪ» ማለት ሲጀምር ብሎክ አደረገችው።

ነገሩ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ በሳቀችበት ነበር። ግን አባቷ ወዬሳ ከአየር ጤና ቤቴል ይነዳው የነበረውን ሚኒባስ ባለቤቱ ስለሸጠው ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው። አንድ ቅዳሜ አባቷ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ነገራት። ሰኔ ሲያልቅ ክፍሉን ይለቃሉ፤ እሱ ጓደኛው ዘንድ ይጠጋል፣ እሷ ጊንጪ አክስቷ ጋ ትሄዳለች። አክስቷ ሱቋ ላይ የሚቆምላት ሰው ትፈልጋለች። ትምህርት እዚያም አለ፣ አላት። ሜቲ ግን ከእሷ በፊት ወደዚያ ሱቅ የሄደችውን የአጎቷን ልጅ ታውቃታለች። ትምህርቷን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋርጣ እስካሁን ስኳር ትመዝናለች። ሜቲ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚሁ መጨረስ ፈለገች፤ ከዚያ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ፍቅረማርያም የሚባል ደንበኛ የመጣላት ቻናሉን ልትዘጋው በደረሰችበት ሳምንት ነው። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ጀመረ። የቻናሉን አማርኛ አይቶ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ሳይመስሉት አልቀሩም። ሜቲ አላረመችውም።

እናቱ ወይዘሮ ተሻለች ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ስለዚህ ቤሩት በቤት ሠራተኛነት የተቀጠረችውን ልጃቸውን ኪዳንን በስልክ ማናገር አቅቷቸዋል። በሹክሹክታ የሚሉትን እሱ ለሜቲ ይልክላታል፣ ሜቲ ደብዳቤ ታደርገዋለች። ኪዳን የምታርፈው እሑድ ስለሆነ ደብዳቤው በየሳምንቱ ዓርብ ይደርሳል። ክፍያው ሳትጠይቅ መጣ፤ ለሜቲ ይህ ብቻውን ተአምር ነበር።

የሚልክላት ነጥቦች ደረቅ ነበሩ። ደህና ነኝ፣ አታስቢ፣ ጸልዪ። ሜቲ ትጠይቀዋለች፤ እናታችሁ ሲቆጡ ምን ይላሉ? ኪዳንን ሲያቆላምጡ ማን ይሏታል? ሲመርቁስ? እሱም አንዳንዴ ቆየት ብሎ ይመልስላታል። «የኔ አንበሳ» ይሏታል። ሲመርቁ «እኔን ካንቺ በፊት ያድርገኝ» ይላሉ። ሜቲ ይህን ሁሉ አስገባችው። ደብዳቤዋን ደግማ ስታነበው የማታውቃቸው ሴትዮ አጠገቧ ተቀምጠው የሚያወሩ መሰላት።

የኪዳን መልስ ሲመጣ ፍቅረማርያም እንዳለ ላከላት። «እማዬ፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። እሑድ እሑድ ከፋሪዳ ጋር ነው የማነበው። ከታች ፎቅ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። እመቤቴ ስልኬን ስትቀማኝ በፋሪዳ ስልክ ነው የምጽፍላችሁ። ቤቴል ናፈቀኝ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ኮረኮንች፣ ሰማያዊው በራችን ሳይቀር ናፈቀኝ።» ሜቲ ይህን የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አነበበች። አለቀሰችም፣ ኮራችም። አባቷ የደብዳቤው ሥራ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃት «ጥሩ ነው፣ ክፍሉን ለመልቀቅ አትቸኩል» አለችው።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ ከኪዳን አጭር መልእክት መጣ። ደብዳቤ በቃኝ፣ ብታቃስትም የእማዬን ድምፅ አሰሙኝ፣ የሚል።

ፍቅረማርያም ወዲያው ጻፈ። «ጋሼ፣ ይህቺኛዋ ጠንከር ያለች ትሁን። ድምፅ መጠየቋን እንድታቆም አድርገው ይጻፉልኝ። ይህን ካደረጉልኝ እስከ ታኅሣሥ፣ ውሏ እስኪያልቅ ድረስ፣ የየወሩን በቅድሚያ እከፍላለሁ።»

እስከ ታኅሣሥ። ሜቲ ሁለቱን ቃላት ደጋግማ አየቻቸው። እስከ ታኅሣሥ ክፍሉን አይለቁም፣ እስከዚያም አባቷ ሥራ ያገኛል። ወዲያው መጻፍ ጀመረች፤ ግን አልሄድ አላት። የምትጽፈው ሁሉ ውሸት ውሸት ይሸታል። ሴትዮዋን አንድ ጊዜ ብቻ ባያቸው፣ ሹክሹክታቸውን ብሰማ ብላ ፍቅረማርያምን እንዲያገናኛት ለመነችው። አይመችም አላት። እንደገና ብትለምነው መልስ አልሰጣትም። ዓርብ ሊደርስ ነው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር አየር ጤና ሄዳ የቤቴል ታክሲ ያዘች። ይቆጣኝ እንደሆነ ይቆጣኝ፣ ደብዳቤው ይሻላል አለች በልቧ።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ኪዳን የጻፈችለት ሰማያዊ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ስታንኳኳ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ብቅ አሉ። ወይዘሮ ተሻለች ጋ መምጣቷን ስትነግራቸው ፊታቸው ልውጥ አለ፤ እጇን ይዘው «ግቢ ልጄ፣ ግቢ» እያሉ አስገቧት። ሳሎኑ ውስጥ አግዳሚዎች ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። ሁለት ሴቶች አቀርቅረው ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ለሜቲ ቦታ አሳይተው እሳቸውም አጠገቧ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሜቲ እንዲህ ያለውን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ሰው ለቅሶ ሲደርስ ነው እንዲህ የሚቀመጠው። ግድግዳው ላይ የአንዲት ፈገግ ያሉ ሴትዮ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሮበታል።

«የየትኛው ወገን ነሽ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ ጥቂት ቆይተው። ወይዘሮ ሙሉወርቅ፣ የግድግዳ ጎረቤት መሆናቸውን ነገሯት። የተሻለች አርባ በሚቀጥለው ሳምንት ነው አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው አደራ አሏት፤ ኪዳን አልሰማችም፣ ሰፈሩ ሁሉ ተማምሏል፣ በስልክም ሆነ በፌስቡክ ቃል እንዳይወጣ።

ሜቲ የሚሉት ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ሆነባት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፍ ወይዘሮ ተሻለች ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር። «ጉሮሮዬ እየተሻለኝ ነው» ያለችው እሷ ናት። «እኔን ካንቺ በፊት ያድርገኝ» ብላ የጻፈችውም እሷው ናት። አፈረች፣ ፈራች፤ ተነሥታ ልትሮጥ ፈለገች።

ፍቅረማርያም የገባው ይህን ጊዜ ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጢሙን ለኀዘን ያሳደገ ቀጭን ሰው። ለቅሶ ደራሽ መስላው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። «ቀለም ደብዳቤ ነኝ» አለችው ሜቲ፣ ቀስ ብላ። ዩኒፎርሟን አየ፣ ፊቷን አየ፣ እንደገና ዩኒፎርሟን አየ።

«አንቺ ነሽ?» አለ በመጨረሻ። «በስማም። ልጅ ነሽ እኮ።»

ወደ ጓሮ ይዟት ወጣ። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይቀላት ነበር። እናቱ የሞቱት በድንገት እንደሆነ ነገራት። ኪዳን በስልክ እናቷን ስትጠይቀው የመጀመሪያ ቀን ውሸቱ ከአፉ አመለጠው፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣ። እናቱን ለእህቱ ትንሽ ለማቆየት ብሎ እንጂ ሰው ለማታለል አልነበረም። ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

«መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ» አላት። «ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሄዶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው። እዚያ ማን ይይዛታል? ያለችው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እመቤቷ ናት የምትይዛት? በታኅሣሥ ስትመጣ እዚሁ፣ ሰው መሐል ትሰማለች። እስከዚያ ድረስ ብቻ እማዬን አቆይልኝ።»

እውነቱን ነው። ስልክ ይዛ ብቻዋን የምትጮህ ልጅ ለሜቲ ታየቻት። ደግሞ እስከ ታኅሣሥ ማለት ለእሷም ትምህርት ነው፣ ለአባቷም እፎይታ ነው። ሁሉም የሚጠይቃት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ መጻፍ ደግሞ ታውቅበታለች። እሺ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«የኔ እናት ስትሞት ሆስፒታል ናት አሉኝ» አለች፣ ለምን እንደምትነግረው ሳታውቅ። «ትመጣለች አሉኝ። መንገድ ላይ ሱዚ ስንጫወት አንዷ ልጅ "እናትሽ እኮ ሞታለች" አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። ያን ቀን የያዘኝ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ አባቴ ውሃ ልቀዳ ነው ቢለኝም አላምነውም ነበር።»

ፍቅረማርያም ጢሙን አሻሸ።

«ኪዳንም ከሰው አፍ ትሰማዋለች» አለች ሜቲ። «ድምፅ አሰሙኝ ያለችው ጠርጥራ ነው። ደብዳቤዎቹንም እኔ እንደጻፍኳቸው ስታውቅ ታነባቸዋለች፤ እንደገና አንድ በአንድ።» ቀና ብላ አየችው። «የእማማን ደብዳቤ አልጽፍም ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። እንደ ትልቅ ሰው አልጠየቃትም፤ የጨነቀው ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው ነበር።

ሜቲ የኪዳንን ደብዳቤዎች በልቧ ፈለገች፤ በቃሏ ነው የምታውቃቸው። «ጎረቤት አላት» አለች። «ፋሪዳ አለች፣ ከታች ፎቅ። የፋሪዳም ጓደኞች ይኖራሉ። እኛ መርዶውን ለኪዳን አንጽፍም፤ ለፋሪዳ እንጽፋለን። እሑድ በማለዳ ሰው ይዛ ትሂድ። ይያዟት። ስልኩ ላይ እርስዎ ይጠብቋት፤ አብራችሁ ታለቅሳላችሁ።»

ወይዘሮ ሙሉወርቅ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀብር የማታውቅ ልጅ ብለን ነው እንጂ ልጅቷ ያለችው ከእኛ ይሻላል፤ አገሩ የሰው ቢሆንም ጎረቤት ጎረቤት ነው አሉ። ፍቅረማርያም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ቆይቶ ቀና ሲል ስለ ሥራዋ ጠየቃት። እስከ ታኅሣሥ ያልኩሽስ፣ አለ።

«እሱ ቀረ» አለች ሜቲ። ስትለው ጊንጪ፣ የአክስቷ ሱቅና የስኳሩ ሚዛን ፊቷ ላይ መጥተው ድቅን አሉ። ዛሬ ለአባቷ ምን እንደምትለው አታውቅም፤ ውሸት እንደማትነግረው ግን ታውቃለች።

ፍቅረማርያም የፋሪዳን ቁጥር ፈልጎ ስልኩን ሰጣት። እኔ እጄ አይታዘዝልኝም፣ አንቺ ጻፊው አላት። ሜቲ አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ምርጥ ምርጥ ቃላት ሊመጡላት ሞከሩ፣ ሁሉንም ተወቻቸው። ከዚያ ጻፈች፤

«ፋሪዳ፣ ይህን ስታነቢ ኪዳን አጠገብሽ ካለች ስልኩን ዝጊው። ብቻሽን ስትሆኚ እንደገና ክፈቺው።»