የሰኞው ዝርዝር

አናጢው ከበበው የሞተው ረቡዕ ጠዋት፣ መርፌ በተወጋ በአምስት ደቂቃው ነው። የፖሊስ መቶ አለቃ ጫልቱ ላፍቶ ከሚገኘው ጤና ጣቢያ ስትደርስ አናጢው አንገቱን በሁለት እጁ እንደያዘ አግዳሚው ሥር ወድቆ ነበር። ሚስቱ ማሚቴ ደጅ ላይ ሆና ትጮኻለች። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው፤ ለለቅሶም ፈቃድ የሚያስፈልግ ይመስል፣ አንድ ዘበኛ «ዝም በይ!» ይላታል።

«ዝም በል አንተ!» አለችው ጫልቱ።

አስተዳዳሪው ጓድ ዳኜ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«የካርድ ክፍሏ የዙሌካ ጥፋት ነው። ሰውየው ፔኒሲሊን አይስማማውም፤ እሷ ቁጥሩን አዛብታ አስገደለችው። እኔ ስለ ቁጥሩ የሰማሁት አሁን፣ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ይውሰዷትና ይሰሯት።»

«ማንን እንደማስር እኔ አውቃለሁ» አለችና ትታው ገባች።

ዙሌካ ዐይኗ በለቅሶ ቀልቷል። ቢሆንም ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ድምጿ ጠነከረ።

«ለእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር እሰጣለሁ። በዚህ መሳቢያ ደግሞ ለየቃሉ አንድ አንድ ወረቀት አለ፤ ‹ሳል›፣ ‹ወባ›፣ ‹ፔኒሲሊን አይስማማም›። ቃሉ የተጻፈባቸው ካርዶች ቁጥር እዚያ ይመዘገባል። ሐኪም ሲጠይቀኝ መደርደሪያውን ሁሉ አላገላብጥም፤ ወረቀቱን ማውጣት ነው።»

«መርፌ ክፍል የተለጠፈውስ ዝርዝር?»

«‹ፔኒሲሊን አይስማማም› የሚለው ወረቀት ግልባጭ ነው። መርፌ ወጊው ግዛው ለየበሽተኛው እየተመላለሰ እንዳይጠይቀኝ ሰኞ ሰኞ እገለብጥለታለሁ። በመሀል ቁጥር ከተነካ ግን ያንን ቀድጄ ሌላ እለጥፋለሁ።»

ጫልቱ ሁለቱን አስተያየች። ወረቀቱም ግልባጩም 418 ይላሉ። የሟቹ ካርድ ግን 735 ነው፤ አዲስ፣ የማስጠንቀቂያ ቃል ያልተጻፈበት።

«418ን አውጪልኝ።»

ዙሌካ ካርዱን ስባ አወጣችና ክው አለች። የአንዲት ሕፃን ስም ተጽፎበታል።

«ይሄ የኔ ሥራ አይደለም! ቁጥር ለሁለት ሰው አልሰጥም፤ የሞተ ሰው ቁጥር እንኳ ለሌላ አይሰጥም። 418 ከበበው ነው፣ በቀይ ጽፌበት ነበር! ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌ ውይይት ነበርኩ። ቁልፉ ያለው ጓድ ዳኜና ግዛው ዘንድ ነው።»

ግዛው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ጠይቆኝ ነበር፣ መቶ አለቃ። የመድኃኒቱን ስም አያውቅም። ‹ያ ያሳበጠኝ መርፌ እንዳይሆን፣ ወንድሜ› አለኝ። ዝርዝሩን አየሁ። ‹ቁጥርህ የለበትም፣ አይዞህ› አልኩት።»

«ማክሰኞስ ምን ነበር?»

ግዛው የአስተዳዳሪውን በር አየት አድርጎ ፊቱን አዞረ። ጫልቱ ደሟ ፈላ፤ ሰው እየሞተ በር ይፈራል! ግን አልጮኸችበትም። ማሚቴን አነጋግራ ስትጨርስ የሕፃኗን እናት ከድጃን አስጠራች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ካርድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ከድጃ፣ ማክሰኞ ያየሽውን ተናገሪ።»

«ልጄን ፔኒሲሊን እንድትወጋ የሆስፒታል ትእዛዝ ይዤ አመጣኋት። ካርድ በመስኮቱ ተቀበልን፤ የሰጠንን ሰው ፊቱን አላየሁም። ግዛው ዝርዝሩን አይቶ ‹ቁጥሯ እዚህ አለ፣ አልወጋትም› አለ። ጓድ ዳኜ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። እሳቸው ‹ዝርዝሩ የሰኞ ነው፤ 418 ዛሬ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ውጋት› አሉት።»

ጫልቱ ወደ ዳኜ ዞረች።

«ካርዱን የለወጠው ግዛው ቢሆን» አለች ጫልቱ፣ «ዝርዝሩ ለምን እንደሳተ ያውቅ ነበር፤ ሊጠይቅ አይሄድም። የሄደው ስለማያውቅ ነው። ያወቁት እርስዎ ነዎት። ለእኔ ግን ስለ ቁጥሩ ዛሬ ሰማሁ አሉኝ። ሰኞ ከበበው እያሳለው ሲመጣ ‹ረቡዕ ተመለስ› ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ረቡዕ የሚመጣው ሐኪም በሽተኞቹን አያውቅም፣ የሚያምነው ካርዱን ብቻ ነው። ማክሰኞ ቀይ ጽሕፈት ያለበትን ካርድ አጠፉ፤ ለከበበው 735ን ከፈቱለት። የ418 ቦታ ባዶ ሆኖ ዙሌካ እንዳትነቃ ለዚህች ሕፃን ሰጡት። ዝርዝሩ እንደተሳሳተ ለአንዷ ሲናገሩ ለሌላው ዝም አሉ!»

«እኔ አናጢ ገድዬ ምን ላተርፍ?»

ማሚቴ ተነሳች። «በ1970 ወንድሙን ሞልቱን በሐሰት ጠቁመህ አስገደልከው! ብስራተ ገብርኤል ያለው ቤቱ ውስጥ እስካሁን የምትኖረው አንተ ነህ። ከበበው የፈረምክበትን የጥቆማ ወረቀት አግኝቶ ነበር። ‹በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አነበዋለሁ› ብሎ ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት ነግሮሃል። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው!»

ዳኜ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወዲያው ግን ወደ ጫልቱ ዞረ። «አንቺ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ? አንድ ስልክ ብደውል ነገ ማዕረግሽ ይገፈፋል።»

ጫልቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ገፋችለት። ብዕሯንም ከፈተች።

«ደውል። ነፍሰ ገዳዩን ልቀቁት የሚለውን ሰው ሙሉ ስም ከነማዕረጉ እጽፋለሁ። እነዚህ ሁሉ ይፈርሙበታል።»

ዳኜ መነጋገሪያውን አነሳ። ጣቱ ቁጥሮቹ ላይ ቆመ። ግዛው ከመቀመጫው ተነስቶ «እኔ መጀመሪያ እፈርማለሁ» አለ።

አስተዳዳሪው የሚደውልለት ሰው አጣ።