የእሙ ግራ እጅ

«ከቤተሰባችሁ እንዲህ ያመመው ሌላ ሰው አለ?» ሲል ዶክተር ጀላል ጠየቀ።

«ኧረ የለም! በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ገነት የእናቷን መልስ ስትሰማ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አስኮ የምትኖረው የእናቷ ታናሽ እህት፣ እሙ፣ ግራ እጇ እንስራ ማንሳት ካቃተው ዓመት አልፎታል። ቤት ውስጥ ግን «መጋኛ ነው» ተብሎ ነገሩ ተዳፍኗል። ለምን እንደተዳፈነም ገነት ታውቃለች። ለታላቅ እህቷ ለዋጋነሽ ሽማግሌ ተልኳል፤ ሽማግሌ ደግሞ ከልጅቱ መልክ ይልቅ ዘሯን ነው የሚያጠናው።

ዋጋነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ትቆልፋለች። ከአምስት ወር በፊት ልብስ ስታሰጣ ክንዷ ይዝል፣ ራሷንም ያዞራት ነበር። ጸበሉም የጎረቤቱ መድኃኒትም ተሞክሮ አልሆን ሲል ወደዚህ ሐኪም ቤት መጡ። ዶክተር ጀላል የግራ እጇን አንጓ ቢይዝ ትርታው ጠፋበት፤ የደም ሥሯ ተቆጥቶ ጠብቧል አላቸው፤ መድኃኒትም አስጀመራት። ይኸው ዛሬ ጠዋት የገነትን ሹሩባ የሠራችው ራሷ ዋጋነሽ ናት። ገነት ዶክተሩን ባየችው ቁጥር ጉልበቱን ስሚ ስሚ ይላታል።

«የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም» አለ ዶክተሩ። «ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ግን አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ አብሮ ይወለዳል። ያ ዝንባሌ ያለበት ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። የታመመው ግን ቶሎ ከተደረሰበት ይሻለዋል፤ ከዘገየ ዓይንም ልብም ሊጎዳ ይችላል።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ወለሉን ያያሉ። በሰው ፊት እናትን ማሳጣት በእነሱ ቤት ትልቅ ነውር ነው። ገነት ግን እሙ ሰሞኑን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት እንደነበር ትዝ አላት።

«አክስቴ አለች» አለች። «እሷም ግራ እጇን ነው የሚያማት። ዓይኗም ብዥ ይልባታል።»

ዶክተሩ እናትየውን ቀና ብሎም አላየ። «ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጡልኝ» ብቻ አለ። ከዚያ የገነትን አንጓ ያዘ፤ በሁለቱም እጇ ትርታው ደህና ነበር።

እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ ሄዱ። ከውይይት ታክሲው ሲወርዱ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ፊታቸውን ወደ ገነት አዞሩ።

«እህቴን ጠልቼ መሰለሽ? ለሽማግሌዎቹ አሁን ምን ልበል?»

«እውነቱን ንገሪያቸው፣ እማዬ» አለች ዋጋነሽ። «ሽማግሌ የላከው ሰው ካልፈለገኝ ይቅርበት፤ እኔ እንደሆን እጄን አግኝቻለሁ። የቀበሌ ደጅ ስትጠኚ ከርመሽ የነጻ ሕክምና ወረቀት ያወጣሽልኝ አንቺ አይደለሽ?» ከዚያም ወደ ገነት ዞረች። «አንቺ ደግሞ ፋራ አትሁኚ፤ ምን ያስለቅስሻል?»

ገነት የምታለቅሰው በፍርሃት ብቻ አልነበረም። እህቷ ቆማ ስትሟገትላት ማየቷ ራሱ ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ነው። እናቷንም እዚያው አቅፋ ብታመሰግናቸው ወደደች፤ ግን አፈረች።

እንባዋን ጠረገችና ወደ ቤታቸው የሚወስደውን የኮልፌ ታክሲ ሰልፍ ትታ አስኮ የሚሄዱት ሰዎች ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆመች። ዞር ብላ አላየችም።

ጥቂት ቆይቶ ከኋላዋ የነጠላ ጫፍ ነካት።

«ብቻሽን ብትሄጂ አትሰማሽም» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን። «እሙ የምትፈራው እኔን ነው።»